ጌጫ የገቡት ትሎች

ጅማ ውስጥ የሰፈሬ ሰዎች «የትሏ ሴትዮ» ይሉኛል። አልከፋም፤ ከዚህ የባሰ ስም የወጣላቸው ጎረቤቶች አሉኝ። ከቴፒ ስመለስ ግን ሁሉም በየተራ እየመጡ «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው?» ስላሉኝ፣ ለእያንዳንዱ ከማወራ ብዬ ይኸው ጻፍኩት። ያንን አገር ሄዶ የማያየው ሰው እንኳ ካነበበው በኋላ አውቶቡስ ላይ ዕቃ ሲጭን ይጠነቀቃል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ በረንዳዬ ላይ በወተት ጣሳና በተቆረጠ ጀሪካን አበባም ጎመንም አበቅላለሁ። የጣሳ አፈር ቶሎ ይደክማል። ውሃ ባጠጣሁት ቁጥር እየጠጠረ አላበቅል ሲለኝ አንዲት ግብርና ያጠናች ጎረቤቴ ቀያይ የመሬት ትሎች በእፍኟ ሰጠችኝ። እበት፣ የድንች ልጣጭና የበሰበሰ ቅጠል እያበላኋቸው በዙ። በልተው የሚጥሉት ጥቁር፣ ሽታ የሌለው፣ እንደ ሻይ ቅጠል ፍርፍር ያለ ነው። ከዚያ አንድ እፍኝ ጽጌረዳዬ ሥር ባደረግሁ በወሩ ጎረቤቶቼ በአጥሩ አንገታቸውን ያሰግጉ ጀመር።

ታናሽ እህቴ ሙና ቴፒ አግብታ እዚያው ቀርታለች። ከሰፈሯ ሴቶች ጋር ሆና የቡናና የቁንዶ በርበሬ ችግኝ ታፈላለች። ቀበሌው ወንዝ ዳር ቦታ ሰጥቷቸው ነበር፤ ግን በአንድ ውል ነው። በትል የሚዘጋጅ ኮምፖስት እንሠራለን ብለው ስለነበር ዓርብ ኮሚቴ መጥቶ ያያል፤ ትሉ በመደቡ ውስጥ ከሌለ ቦታው ለሌላ ማኅበር ይሰጣል። ባለፈው የላክሁላትን ትል ጉንዳን ፈጅቶታል። በስልክ እያለቀሰች «እትዬ፣ በሰው እጅ አትላኪው፣ ራስሽ ይዘሽልኝ ነይ» አለችኝ። እኔም ለጣሳዎቼ ትንሽ ብቻ አስቀርቼ የቀረውን ይዤ ተነሣሁ።

ሰኞ። ትሎቹን ክዳኑን በበሳሁት ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ከእርጥብ ጆንያና ከእበት ጋር አድርጌ ጅማ መናኸሪያ ስደርስ ገና ጎህ መቅደዱ ነበር። ረዳቱ ክዳኑን በጣቱ እየመታ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። «አፈር ነው» አልኩት።

«ከጅማ ወደ ቴፒ አፈር? እዚያ አለቀ እንዴ?» አለና አውቶቡሱን በሙሉ አሳቀብኝ። ጣሪያ ላይ እንዳይጭንብኝ ከእግሬ ሥር አደረግሁት። ይህ ስህተት ነበር። የወለሉ ብረት ከሞተሩ ጋር አብሮ ይግላል፤ ቦንጋ ለምሳ ስንወርድ ክዳኑን ገለጥ ባደርገው ትሎቹ ከእርጥቡ ወጥተው ክዳኑ ላይ ተንጠልጥለዋል። ትል ሲመቸው ወደ ታች ይገባል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም። ምግብ ቤቱ ውስጥ ሽሮዬ እየቀዘቀዘ እኔ በመጠጥ ውሃዬ ጆንያ ስነክር፣ የቤቱ ባለቤት መጥቶ ሳይጠይቀኝ አንድ ጆግ የቀዘቀዘ ውሃ አስቀመጠልኝ። ውሃ የሚሰጥ ሰው ለምን እንደምትፈልገው አለመጠየቁ ትልቅ ጨዋነት ነው። እኛ ጅማ ብንሆን ኖሮ መጀመሪያ እንመረምራለን።

ከቦንጋ በኋላ ያለውን ደን ሁሉም ያወራለታል፤ እኔ ግን እግሬን ከሳፋው ላይ ላለማንሳት ስታገል ምኑንም አላየሁት። ሚዛን ልንገባ ስንል አንድ የበቆሎ ጆንያ የተሸከመ ሰው በመተላለፊያው ሲያልፍ ሳፋዬ ላይ ቆመ። ክዳኑ ለሁለት ተከፈለ። ሰውየው ይቅርታ ሲለኝ «ምንም አይደል» ያልኩት በአፌ ብቻ ነው።

ማክሰኞ። ያረፍኩት ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ የቤንች ሴት ጋ ነው፤ ከጓሯቸው እንሰት ፊት ለፊት ሁለት የእንግዳ ክፍል አላቸው። ጠዋት ስነሳ ትሎቹ በተሰነጠቀው ክዳን እየወጡ ወለሉ ላይ ተበትነዋል፤ በሩን እንደከፈትኩ ደግሞ ዶሮዎቹ ገቡ። በአንድ እጄ ዶሮ እያባረርኩ በሌላው ትል ስለቅም ወይዘሮ አስካለ ደረሱብኝ። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አሉ፤ ነይ ወደዚህ» አሉኝ።

የእንሰት ቅጠል ቆርጠው እሳት ላይ ለብ ለብ አደረጉትና ለዘብ ሲል አንዱን በአንዱ ላይ አነጠፉት። በላዩ ከእንሰቱ ግንድ የተላጠ ውሃ ያዘለ ቁራጭ፣ በዚያ ላይ ትሎቹን ከነአፈራቸው። ጠቅልለው በቃጫ አሰሩልኝ። ጥቅሉን ሳነሳው እንደ ሕፃን ልጅ ከበደኝ፤ ቅጠሉን ስነካው ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ይህን ሁሉ መንገድ በፕላስቲክ ተሰቃይቼ መድኃኒቱ ጓሮ ውስጥ በቅሎ አገኘሁት።

በዚያን ቀን ወደ ቴፒ የሚሄድ መኪና ስላልተገኘ ገበያ ወጣሁ። እኛ ጋ ሁሉ ነገር በፌስታል ነው፤ ሚዛን ገበያ ግን ቅቤውም፣ ማሩም፣ ቆጮውም በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በቃጫ ታስሮ በመስመር ተደርድሯል። ሻጮቹ የትኛው ምን እንደሆነ በእጃቸው መዝነው ያውቁታል። እኔ ማወቅ አልቻልኩም፤ ማወቅ እንዳለብኝም አላሰብኩም። ሲመሽ ወይዘሮ አስካለ ከቡና ቅጠል በዝንጅብልና በሚጥሚጣ የሚፈላውን ጨሞ አጠጡኝ፤ ጉሮሮዬ ተቃጥሎ ዓይኔ ሲያለቅስ ከልባቸው ሳቁብኝ።

ረቡዕ። አውቶቡሱ በቴፒ አልፎ ጌጫና ማሻ የሚሄድ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት አቶ አዳሙ የሚባሉ አዛውንት ናቸው፤ ንጹሕ ኮት ለብሰው፣ ልክ እንደኔው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ረዳቱ ጥቅሎቹ ጣሪያ ላይ ካልወጡ አንሄድም አለ። ሁለታችንም እኩል ተነሳን።

«ፀሐይ እንዳይነካው» አልኩት።

«የእኔንም አደራ፤ ከሞቀው አለቀለት» አሉ አቶ አዳሙ።

ረዳቱ ሁለቱን ጎን ለጎን በሸራ ሥር አስቀመጣቸው። ከዚያ በኋላ መንገዱን በሙሉ ስናወራ ሄድን። አቶ አዳሙ በማግስቱ ጠዋት ለልጃቸው ሚስት ሊጠይቁ ጌጫ መሄዳቸው ነው። ጥቅሉ ቅቤ ነው፤ ከዘመድ ሁሉ ያሰባሰቡት። «በእነሱ ቤት ወግ፣ የልጅቱ እናት በሽማግሌ ፊት ከፍታ በእጇ ከነካችው ልጅቱን ሰጡ ማለት ነው። ካልነካችው መንገዴን ይዤ እመለሳለሁ» አሉኝ። ከዚህ በፊት አንድ ቤት ሳይነካላቸው ተመልሰዋል። ልጃቸው ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት መውጣት እንደከበደው ሲነግሩኝ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ይነካል፣ አባባ» አልኳቸው። ምን አውቄ እንደሆነ አላህ ይወቀው።

ቴፒ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ምጣድ ፊት ላይ ይመታል። ጅማ እንዲህ ሞቆ አያውቅም። ትሎቼ አለቁ በሚል ጭንቀት ሹፌሩ ሳያቆም ነው የተነሳሁት። ረዳቱ ከጣሪያው ጥቅል አቀበለኝ፤ ተቀብዬ ሮጥኩ። አቶ አዳሙን በወጉ እንኳ አልተሰናበትኳቸውም።

ሙና መደቡን አዘጋጅታ፣ ጉንዳን እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ ቆፍራ ውሃ ሞልታበት፣ ሴቶቹን ሰብስባ ትጠብቀኛለች። ጥቅሉን መደቡ ላይ አስቀምጬ ቃጫውን ፈታሁ። ውስጡ ቢጫ፣ ለጋ፣ መቅለጥ የጀመረ ቅቤ ነው።

ሙና ቅቤውን አየች፣ እኔን አየች፣ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔ ቶሎ የሚሞቅ ደም አለኝ፤ ረዳቱን፣ ሹፌሩን፣ ቴፒን፣ ኮሚቴውን በየተራ ረገምኩ። ሲበቃኝ ነው ሌላው ነገር የታየኝ። ነገ ጠዋት ጌጫ ውስጥ አንዲት እናት በሽማግሌ ፊት ጥቅል ትፈታለች። አቶ አዳሙ ስልክ የላቸውም። ወደ ላይ የሚሄድ መኪናም በዚያን ቀን አልቋል። ቅቤውን ውሃ በተሞላ እንስራ አጠገብ አስቀመጥነው፤ ሙና እየተነሳች እርጥብ ጨርቅ ትቀይርለታለች። የራሷ ነገር ተበላሽቶ የሰው ቅቤ ስትጠብቅ ማየት አንጀቴን በላው።

ሐሙስ። በመጀመሪያው መኪና፣ ቅቤውን አቅፌ፣ ወደ ጌጫ ወጣሁ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። ከቴፒ ሙቀት ወጥተን ጉሙ ውስጥ ስንገባ ጥርሴ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የለበስኩት የቴፒ ልብስ ነው። አንዲት የማላውቃት ሴት ከጋቢዋ ግማሹን አለበሰችኝ። እኔ ግን በልቤ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሽማግሌ መቼም ቀጠሮ አክብሮ አያውቅ፣ ዛሬም ያረፍድ ይሆናል።

አላረፈዱም። ጌጫ ወርጄ «ሽማግሌ የገባበት ቤት የት ነው?» ስል ሁሉም ያውቀዋል፤ የሰሙትንም ፊታቸው ላይ አነበብኩት። አቶ አዳሙ ከቤቱ አጥር ውጭ፣ ዝናብ ላይ፣ ብቻቸውን ቆመዋል። ኮታቸው በስብሷል።

«ልጄ፣ ምን አደረግሽኝ?» አሉኝ። ቁጣ እንኳ አልነበረበትም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እጃቸውን ይዤ ወደ ቤት አስገባኋቸው። የልጅቱ እናት ወይዘሮ አበበች ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ቀኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ አፈር እንደነካው። ጥቅሉ ፊታቸው ተከፍቶ ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። እዚያው ቆሜ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ፤ አማርኛ ለማያውቁት አንዱ በአገሩ ቋንቋ በሸከኛ ይተረጉምላቸዋል። ቅቤውን አስቀመጥኩ። ጥፋቱ የእኔና የረዳቱ እንጂ የእኚህ ሰው አይደለም አልኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ እኔ ነኝ የሮጥኩት።

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እውነትሽን ነው፣ አምነንሻል። ግን ቅቤው ዘገየ። በፊታችን የተነካው ይሄ ነው» አሉና በዘንጋቸው ወደ ትሎቹ አመለከቱ። «አሁን ይሄን ከቤት ካወጣነው ልጅቱን ከለከልን ማለት ይሆናል። ካላወጣነው ደግሞ ተሰድበን ዝም አልን ይባላል።»

ገባኝ። ትሎቼን ስጡኝ ካልኩ የአቶ አዳሙ ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ሳይሰጠው ይቀራል። ካላልኩ ሙና ነገ ባዶ መደብ ፊት ትቆማለች። አቶ አዳሙ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ይጠብቁኛል። ያኔ ነው ከምድጃው በኩል ያለው የቅጠሉ ጠርዝ ሲጠቀለል ያየሁት። አፈሩ እየደረቀ ነው፤ ትሎቹ እሳት ወዳልነካው ጥግ ተጠራቅመዋል።

«እባክዎ» አልኳቸው ወይዘሮ አበበችን፣ «የማንም ይሁኑ፣ ከእሳቱ ያርቋቸው። ይሞታሉ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አዩኝ። «ምን ይበላሉ?»

«እበት። ልጣጭ። የበሰበሰ የእንሰት ቅጠል። በልተው የሚጥሉት ለተክል ነው የሚሆነው።»

ወይዘሮ አበበች ወደ ትሎቹ ጎንበስ አሉ። እጃቸውን ሳየው በየማለዳው እበት ተሸክመው እንሰታቸው ሥር የሚያደርጉበት እጅ ነው፤ የእዚያ አገር ሴቶች ሁሉ እንደዚያ ናቸው። ከዚያ ተነሱ። ጥቅሉን በሁለት እጃቸው አነሱት። አቶ አዳሙ ትንፋሻቸውን ሲውጡ ሰማሁ። በፊት ለፊቱ በር ቢወጡ ነገሩ አልቋል። ሴትዮዋ ግን በጓሮ በር ወጥተው እንሰቶቻቸው መሃል ገቡና ትልቁ እንሰት ሥር፣ እበቱ ላይ፣ ዘረገፉት። ተመልሰው ሲገቡ «ከቤቴ አልወጣም። ጓሮዬ ገባ» አሉ ለሽማግሌዎቹ።

አቶ አዳሙ ፊታቸውን በኮታቸው እጅጌ ሸፈኑ። ሽማግሌዎቹ መመረቅ ጀመሩ። እኔም አሜን እያልኩ አለቀስኩ፤ ሰዎቹ የደስታ እንባ መሰላቸው። ውሸት ለምን እጽፋለሁ፣ የንዴት ነበር። ያን ሁሉ ያሳደግሁት ትል የሰው ጓሮ ገባ፤ እህቴ ቦታዋን ልታጣ ነው፤ እኔ ደግሞ አሜን እላለሁ።

ዝናቡ መንገዱን ስለዘጋው እዚያው አደርኩ። ለእንግዳ በግ ታርዶ ነበር፤ ወይዘሮ አበበች ሻሼን አይተው ሳልጠይቃቸው ለብቻዬ ቆጮ በጎመንና በማር አቀረቡልኝ። «ድስቱም ሥጋ ያልነካው ነው፣ ብይ» አሉኝ። ቆጮ ጅማም በልቼ አውቃለሁ፤ ይሄኛው ግን ለስላሳ ነው፣ እኛ ጋ ከሚሸጠው ጋር አይገናኝም። እየበላሁ ስለ ሙናና ስለ ኮሚቴው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ሰምተው ማር ጨመሩልኝ። እኔም ትሎቹን መልሱልኝ ማለት አልቻልኩም፤ የተመረቀ ነገር እንዴት መልሱ ይባላል?

ዓርብ። ጠዋት ለመሄድ ስነሳ ወይዘሮ አበበች ከጓሮ መጡ፤ እስከ ክርናቸው አፈር ነው። በእጃቸው አዲስ የእንሰት ቅጠል ጥቅል ይዘዋል። ለእኔ አልሰጡኝም፤ በአጠገቤ አልፈው አቶ አዳሙ ፊት ቆሙ።

«ስጦታ ለሰጠን ሰው ባዶ እጁን አንሸኝም። ይሄ ከእኔ ጓሮ ነው» አሏቸው።

አቶ አዳሙ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ጎንበስ ብለው አመሰገኑ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ጥቅሉን እጄ ላይ አኖሩት። «እኔ ደግሞ ለልጄ ሰጠሁ» አሉ። ሴትዮዋ ልጠመጠምባቸው ስል ገፋ አደረጉኝ፤ «ግማሹ እኔ ጋ ቀርቷል። ቅጠሉን እንዳትጥይው፤ ከሁሉ እሱን ሲወዱ አየሁ።»

ቆጮ የጫነ አይሱዙ ጋቢና ተቀምጬ ወረድኩ። ጥቅሉን ጭኔ ላይ ይዤ፣ ቁልቁለቱን በሙሉ በጣቴ እየነካሁ ቅዝቃዜውን አረጋግጥ ነበር። ቴፒ ስደርስ ሙና አፏ ደርቆ በሩ ላይ ቆማለች። ጥቅሉን መደቡ ላይ ዘረገፍነው፤ ቅጠሉን ከላይ አለበስነው፤ ውሃ ረጨን። እጃችንን ሳንታጠብ ኮሚቴው በአጥሩ በኩል ገባ።

የመሩት ሰውዬ ብዙ የሚናገሩ ዓይነት አይደሉም። በመደቡ ጫፍ በእንጨት ቆፈሩ፤ ምንም የለም። መሃሉን ቆፈሩ፤ ሁለት ትል ወጣ። ብርሃን ሲነካቸው ወዲያው ገቡ። የእኔ ቀያዮች መንገድ አድክሟቸው ጥልቅ የገቡ መሰለኝ።

«አፈር ነው የማየው» አሉ ሰውዬው። ከኋላ የቆሙት ወደ በሩ መመልከት ጀመሩ። ያኔ የወይዘሮ አበበች ነገር ትዝ አለኝ። ጎንበስ ብዬ የእንሰቱን ቅጠል በአንድ በኩል ይዤ ገለበጥኩት።

የቅጠሉ ሆድ በሙሉ ትል ነው። ተለጥፈውበታል፣ ከመሃል ጅማቱ ግራና ቀኝ ተጠላልፈው ይበሉታል፤ ቅጠሉ ራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስል ነበር። ሰውዬው እንጨታቸውን ጥለው ተጎነበሱ። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ ቅጠል ከየት ነው?»

«ከጌጫ» አልኳቸው። «ከሚዳር ቤት።»

ነገሩ ሳይገባቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለጓደኞቻቸው «በቦታቸው ይቀጥሉ» ብለው ወጡ። ሙና ከነጭቃዋ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ሁለታችንም መደቡ ዳር ተቀምጠን እስኪበቃን አለቀስን። የዚህኛው እንባ የንዴት አልነበረም።

ከተመለስኩ ሰንብቻለሁ። ለጣሳዎቼ ያስቀረኋቸው እየበዙ ነው። ሰሞኑን ሙና ደውላ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንደሆነ ነገረችኝ። አቶ አዳሙ ቴፒ ድረስ ወርደው መልእክት ትተውልኛል፤ በሙሽራው ወገን እንድቀመጥ፣ ለልጅቱ እናት የሚገባውን ቅቤም እኔ እንድይዘው። ከእናትየው ጓሮ ደግሞ ለሙሽሮቹ አዲስ ቤት እንሰት ሥር የሚሆን አንድ እፍኝ ትል ወጥቶ አብሮ ይሄዳል፤ ይሄንን የጠየቀችው ልጅቱ ራሷ ነች። እሄዳለሁ። ቅቤውን ግን ክዳን ባለው ጣሳ አድርጌ፣ ጭኔ ላይ ይዤ፣ ረዳቱ ምንም ቢል ጣሪያ ላይ ሳላወጣው ነው የምወስደው።